ሙቀት በሸክላ፣ በቆርቆሮና በጭቃ ውስጥ የሚተላለፍበት መጠን፦ ምጣድ ለሚገዙና ቤት ለሚሠሩ ዜጎች

አንድ ቤተሰብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲገዛ ዋጋውን፣ የሽቦውን ጥንካሬና የአክንባሎውን መልክ ይመለከታል። ቤት ሲሠራም ስለ ቆርቆሮው ጌጅ፣ ስለ ብሎኬቱ ዓይነትና ስለ ሲሚንቶው ዋጋ ይጠይቃል። በሁለቱም ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሳይጠየቅ የሚቀረው፣ ቁሱ ሙቀትን ምን ያህል ያስተላልፋል የሚለው ነው። ለዕቃው የሚከፈለው ዋጋ አንድ ጊዜ የሚወጣ ነው፤ ተስማሚ ባልሆነ ቁስ ምክንያት የሚባክነው ኤሌክትሪክ፣ ማገዶና ከሰል ግን ዕቃው ወይም ቤቱ እስካለ ድረስ በየወሩ የሚከፈል ወጪ ነው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ኅብረተሰቡ ይህንን ጥያቄ ከግዢና ከግንባታ በፊት እንዲያነሣ ለማገዝ ነው።

ሙቀት አስተላላፊነት ምንድን ነው?

ሙቀት ምንጊዜም ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል። በጠጣር አካል ውስጥ የሚሄደውም የጋሉት የቁሱ ቅንጣቶች ንዝረታቸውን ለጎረቤቶቻቸው እያካፈሉ ነው። በብረት ነክ ነገሮች ውስጥ ደግሞ ከአቶም ወደ አቶም በነፃነት የሚዘዋወሩ ኤሌክትሮኖች ስላሉ፣ ሙቀቱን ተሸክመው በፍጥነት ያደርሱታል። ኤሌክትሪክን በደንብ የሚያስተላልፉ ብረታ ብረቶች ሙቀትንም በደንብ የሚያስተላልፉት በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ ደንብ የሚወጣው የታወቀው ምሳሌ አልማዝ ነው፤ ኤሌክትሪክ ባያስተላልፍም፣ የአቶሞቹ ትስስር እጅግ ጽኑ በመሆኑ ሙቀትን ከመዳብ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ያስተላልፋል።

በአንድ አካል ውስጥ በአንድ ሴኮንድ የሚያልፈው የሙቀት መጠን በአራት ነገሮች ይወሰናል፦ በስፋቱ፣ በሁለቱ ገጾች መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት፣ በውፍረቱና በቁሱ ዓይነት። ስፋቱና ልዩነቱ ሲጨምር የሚያልፈው ሙቀት ይጨምራል፤ ውፍረቱ ሲጨምር ይቀንሳል። ይህንን ሕግ በስሌት አደራጅቶ በ1822 በመጽሐፍ ያወጣው ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ዦዜፍ ፉሪዬ ነው። የቁሱ ድርሻ በቁጥር ሲገለጽ «የሙቀት አስተላላፊነት ልኬት» ይባላል፤ መለኪያውም ዋት በሜትር በኬልቪን ነው። ቁጥሩ ሲተልቅ ሙቀቱ በቀላሉ ያልፋል፤ ሲያንስ ይዘገያል።

በመደበኛ የክፍል ሙቀት የመዳብ ልኬት ወደ 400፣ የንጹሕ አሉሚኒየም ወደ 237፣ የተራ ብረት ወደ 50፣ ስቴንለስ ስቲል የሚባለው የማይዝግ ብረት ደግሞ ወደ 15 ነው። ከብረታ ብረት ወጥቶ ወደ ግንባታና ወደ ሸክላ ሲገባ ቁጥሩ በድንገት ይወርዳል፦ ኮንክሪት ወደ 1.5፣ መስተዋት ወደ 1፣ የተተኮሰ ሸክላ እንደ አሠራሩ ከ0.5 እስከ 1፣ ውኃ 0.6 ገደማ፣ እንጨት ከ0.1 እስከ 0.2፣ ደረቅ ሣርና ጭድ ወደ 0.07። የማይንቀሳቀስ አየር 0.025 ብቻ ነው። መዳብ ከአየር በ16,000 እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። ከዚህ ዝርዝር አንድ ነገር ብቻ ቢታወስ የአየሩ ቁጥር ይታወስ፤ ሙቀትን ለመከልከል የሚያገለግሉ ነገሮች፣ ከሣር ክዳን እስከ ጋቢ፣ ከሱፍ እስከ ፎም፣ ሁሉም በአንድ ዘዴ የሚሠሩ ናቸውና፤ አየርን በትናንሽ ክፍተቶች አስረው ያስቀምጣሉ።

ልዩነቱን በቤት ውስጥ ማየት አስቸጋሪ አይደለም። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ኔዘርላንዳዊው ሐኪምና ተመራማሪ ያን ኢንገንሁዝ ልዩ ልዩ የብረት ዘንጎችን ሰም ቀብቶ አንድ ጫፋቸውን በማሞቅ፣ ሰሙ በየትኛው ላይ ርቆ እንደሚቀልጥ በማየት ብረታ ብረቶችን አወዳድሮ ነበር። በሰሙ ፈንታ ቅቤ፣ በዘንጎቹ ፈንታ የአሉሚኒየም ጭልፋ፣ የስቴንለስ ማንኪያና የእንጨት ማማሰያ ቢወሰዱ ሙከራው ይደገማል። እኩል መጠን ያለው ቅቤ በየእጀታው ላይ ተለጥፎ ሌላው ጫፍ በፈላ ውኃ ውስጥ ሲቆም፣ መጀመሪያ የሚንሸራተተው በአሉሚኒየሙ ላይ ያለው ነው፤ በእንጨቱ ላይ ያለው ግን ውኃው እስኪበርድ ድረስ ሊቆይ ይችላል።

እጅ የሚሰጠው ምስክርነት ግን ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም። በደብረ ብርሃን ማለዳ የበሩ የብረት እጀታ ከእንጨቱ ሳንቃ ይልቅ የቀዘቀዘ ይመስላል። በቴርሞሜትር ቢለኩ ግን ሌሊቱን አብረው ያደሩ ስለሆኑ ሁለቱ እኩል ናቸው። ልዩነቱ ብረቱ የጣትን ሙቀት ፈጥኖ ስለሚወስድ፣ እንጨቱ ግን ቀስ እያለ ስለሚወስድ የሚፈጠር ስሜት ነው። በሚግል ጊዜም ነገሩ በተገላቢጦሽ ይሠራል፦ እኩል ከጋሉ የብረት ክዳንና የእንጨት መያዣ የሚያቃጥለው ብረቱ ነው። ሕፃናት ባሉበት ቤት የአሉሚኒየም አክንባሎ ከጭድና ከእበት ከሚሠራው የቀድሞው አክንባሎ ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። መያዣው እንጨት ወይም ሙቀት የሚችል ፕላስቲክ መሆኑን፣ መያዣውን የያዘው ብሎንም ወደ ውጭ አለመውጣቱን ገዢው በእጁ ዳስሶ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ምጣድና ምድጃ

በኢትዮጵያ ቤቶች ከሚገኙ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ከፍተኛ ኃይል ከሚስቡት አንዱ የእንጀራ ምጣድ ነው። በተለምዶ የሚሸጠው ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይቋረጥ ቢሠራ 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት በቆጣሪው ላይ ይመዘገባል። የምጣዱ ገጽ እንጀራ ለመጋገር 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ መድረስ አለበት። ሙቀቱ የሚመነጨው ግን ከገጹ ላይ ሳይሆን፣ ከሥሩ በተቦረቦረ መስመር ውስጥ ከተዘረጋው ሽቦ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ደግሞ ሸክላ ነው።

ሸክላ ደካማ አስተላላፊ በመሆኑ ሙቀቱን ወደ ላይ ለመግፋት ከሥር ያለው ገጽ ከላይኛው እጅግ መጋል አለበት። ግምታዊ ስሌት ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። የምጣዱ ስፋት 58 ሳንቲ ሜትር፣ በሽቦውና በላይኛው ገጽ መካከል ያለው ሸክላ 1 ሳንቲ ሜትር፣ የሸክላው ልኬት 0.8 ቢሆንና 3,000 ዋት ወደ ላይ እንዲያልፍ ቢፈለግ፣ የታችኛው ወገን ከላይኛው ወደ 140 ዲግሪ መብለጥ ይኖርበታል። የሸክላው ውፍረት እጥፍ ሲሆን ይህ ልዩነትም እጥፍ ይሆናል። እንዲህ የጋለ የታችኛው ወገን ሙቀቱን ወደ ላይ ብቻ አይልክም፤ መንገድ ካገኘ ወደ ታችና ወደ ጎን፣ ማለትም ወደ ቆርቆሮው ሳጥንና ወደ ወለሉ ይልከዋል። የምጣዱ ሳጥን ከሥር ባዶ ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ ቤተሰቡ ለእንጀራው ብቻ ሳይሆን ጠረጴዛውን ለማሞቅም እየከፈለ ነው።

ስለዚህ ምጣድ በሚገዛበት ጊዜ ከሸክላው ሥር ሙቀት የሚከለክል፣ እሳት የማይዝ ንብር መኖሩን መጠየቅ ይገባል። ከተቻለም ሻጩ ምጣዱን ሰክቶ ለጥቂት ደቂቃዎች እንዲያግለው ማድረግና ከሳጥኑ ሥርና ከጎኑ የሚወጣውን ሙቀት እጅን ሳያስነኩ በቅርበት መፈተን ጥሩ ነው። በሁለት ተመሳሳይ ዋጋ ባላቸው ምጣዶች መካከል፣ ሥሩ ለዘብ ያለው ይመረጣል። አንዳንድ ቤተሰቦች የሙቀቱን ብክነት ለመቀነስ ከምጣዱ ሥር ጨርቅ፣ ካርቶን ወይም ፎም ያነጥፋሉ። ይህ እጅግ አደገኛ ልማድ ነው። ነጩ ፎም 100 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መለስለስና መቅለጥ ይጀምራል፤ ከዚያም በቀላሉ ይቀጣጠላል።

ሸክላ ይህን ያህል ደካማ አስተላላፊ ከሆነ ለምን በአሉሚኒየም አይተካም የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ ያለው በሌላው የሸክላ ባሕርይ ላይ ነው። ሙቀት ማስተላለፍና ሙቀት ማከማቸት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ወፍራም ሸክላ ከጋለ በኋላ ብዙ ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ፣ ቀዝቃዛው ሊጥ ሲፈስበት ገጹ በአንዴ አይወርድም፤ ሙቀቱም በእኩል ይደርሰዋል። ቀጭን ብረት ግን ፈጥኖ ይግላል፣ ፈጥኖም ይቀዘቅዛል፤ እሳቱ በሚነካበት በኩል ያራል። ቡና ለመቁላት፣ ሰው እጁን እያንቀሳቀሰ ስለሚቆጣጠረው፣ ብረት ምጣድ ይመቻል። ለእንጀራ ግን የሸክላው መዘግየት ራሱ ጠቃሚ ነው።

የዚህ መዘግየት ዋጋ የሚከፈለው በጅማሬ ላይ ነው። ወደ 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን የምጣድ ሸክላ ከክፍል ሙቀት ተነሥቶ ምጣዱ እስኪሰማ ድረስ፣ በየአቅጣጫው የሚባክነው ሳይቆጠር፣ ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ይውጣል። ይህ የመጀመሪያው እንጀራ ከመጣዱ በፊት የሚከፈል ነው። በየቀኑ አራት አራት እንጀራ የሚጋግር ቤተሰብ ይህንን ኃይል በሳምንት ሰባት ጊዜ ይከፍላል፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ አብዝቶ የሚጋግር ግን ሁለት ጊዜ ብቻ። በተከታታይ መጋገር፣ በእንጀራና በእንጀራ መካከልም ምጣዱን ባዶውንና ሳይከደን አለማቆየት፣ ምንም ተጨማሪ ዕቃ ሳይገዛ ወጪ የሚቀንስ አሠራር ነው። ጎረቤታሞች በተራ ተጠራርተው በአንድ በሰማ ምጣድ ላይ የሚጋግሩበት ልማድም፣ ለሌላ ዓላማ የተጀመረ ቢሆን እንኳ፣ በሙቀት ሒሳብ ትክክል ነው።

በማገዶ ለሚጋግሩ ቤተሰቦች ጉዳዩ የባሰ ክብደት አለው። በሦስት ጉልቻ ላይ በሚነድ እሳት አብዛኛው ሙቀት ምጣዱን ሳይነካ በዙሪያው ይበተናል። ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሲሚንቶና ከፑሚስ ወይም ከመሰል ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ድብልቅ የሚሠራ ሲሆን፣ እሳቱን ከብቦ ስለሚይዝ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን በግማሽ ገደማ ይቆጥባል። ፑሚስ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ድንጋዩ በጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች የተሞላ በመሆኑ ሙቀቱ በምድጃው ግድግዳ በኩል በቀላሉ አያመልጥም። ላቀች የከሰል ምድጃም በዚሁ መርህ ይሠራል፦ ውጭው ቆርቆሮ፣ ውስጡ ሸክላ ነው። ሸክላው ተሰንጥቆ ወይም ወልቆ በቆርቆሮው ብቻ የሚነድ ላቀች ስሙ ላቀች ቢሆንም፣ በሥራው ከተራ የቆርቆሮ ምድጃ ስለማይለይ የውስጡን ሸክላ በወቅቱ ማስቀየር ያስፈልጋል።

ድስትን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የአሉሚኒየም ድስት ሙቀቱን በእኩል ያዳርሳል። ቀጭን ስቴንለስ ድስት ግን እሳቱ ባለበት ቦታ ብቻ ስለሚግል ወጥ ያስይዛል፤ ለዚህም ሲባል ጥሩዎቹ የስቴንለስ ድስቶች በሥራቸው የአሉሚኒየም ወይም የመዳብ ንብር የተጨመረባቸው ናቸው።

ጣሪያና ግድግዳ

ቆርቆሮ ለሙቀት ምንም እንቅፋት አይደለም። ይህ አባባል የተጋነነ ሊመስል ይችላል፤ ስሌቱ ግን ያረጋግጠዋል። 0.3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ቆርቆሮ ለሚያልፈው ሙቀት የሚፈጥረው መከላከያ፣ ከአንድ ሺህኛ ሚሊ ሜትር ያነሰ የሣር ንብር ከሚፈጥረው ጋር እኩል ነው። በጠራ ፀሐይ የቆርቆሮው ገጽ ከ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊበልጥ ይችላል፤ የውስጡ ገጽም በዚያው ቅጽበት እኩል ይግላል። ሌሊት ደግሞ ሰማዩ ሲጠራ ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ላይ በትኖ ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል፤ በማለዳ ከጣሪያው ሥር የሚንጠባጠበው ውኃም ብዙውን ጊዜ የሚያፈስ ጣሪያ ምልክት ሳይሆን የሰዎቹ ትንፋሽ በቀዝቃዛው ብረት ላይ ወደ ውኃነት የተለወጠ ነው።

በዚህ ረገድ በገበያ ላይ አንድ የተለመደ አለመግባባት አለ። ወፍራም ጌጅ ያለው ቆርቆሮ ቤቱን ያቀዘቅዛል ተብሎ ይሸጣል። ወፍራሙ ቆርቆሮ በነፋስ፣ በበረዶና በዝገት ረገድ የተሻለ ነው፤ ለዚያ ሲባል መግዛቱ ተገቢ ነው። ለሙቀት ሲባል ግን በጌጆቹ መካከል የሚሰማ ልዩነት የለም። ለዚያ የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ኮርኒስ ላይ ቢውል የተሻለ ውጤት ይሰጣል። አቡጀዴም ቢሆን፣ ቺፑድም ቢሆን፣ ከቆርቆሮው ሥር በርቀት የተወጠረ ኮርኒስ የጋለው ብረት ሙቀቱን በጨረር በቀጥታ ወደ ሰው እንዳይልክ ይጋርዳል፤ በመካከል ያለውንም አየር ይይዛል። በቆላ አካባቢዎች ይህ አየር በጎንና በጎን በተተዉ ክፍተቶች እንዲወጣ ማድረግ፣ በደጋ ግን ክፍተቶቹን ማጥበብ ይመከራል። በኮርኒሱ ላይ ሙቀት ከልካይ የሚነጠፍ ከሆነ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች በቱቦ ውስጥ ማለፋቸው አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት።

የሣር ክዳን በዚህ መስፈርት ከቆርቆሮ ጋር የሚወዳደር አይደለም። 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ክዳን፣ በሁለቱ ገጾች መካከል የ10 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር፣ በካሬ ሜትር የሚያሳልፈው 3.5 ዋት ብቻ ነው። ነገር ግን ሣሩ በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል፣ እሳት ይይዛል፣ በብዙ ቦታም እንደ ልብ አይገኝም። ወደ ቆርቆሮ የተሸጋገረ ቤተሰብ የሚያስተዛዝብ ነገር አላደረገም፤ ያጣው ግን ምን እንደሆነ አውቆ በኮርኒስ ቢተካው ይጠቀማል።

ግድግዳ ላይ ልዩነቱ መጠነኛ ቢሆንም የሚናቅ አይደለም። በተመሳሳይ የ10 ዲግሪ ልዩነት፣ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ጭቃ ከጭድ ጋር የተቦካ ሲሆን ልኬቱ 0.6 ገደማ ስለሆነ በካሬ ሜትር ወደ 30 ዋት ያሳልፋል። እኩል ውፍረት ያለው ድፍን ኮንክሪት 75 ዋት ያሳልፋል። 12 ካሬ ሜትር ለሆነ አንድ ግድግዳ ይህ የ360 እና የ900 ዋት ልዩነት ነው። ጭድ ወደ ጭቃው የሚገባው እንዳይሰነጠቅ ለማያያዝ ቢሆንም፣ በውስጡ በሚይዘው አየር ምክንያት ሙቀትንም ያዘገያል። ብሎኬት በኮንክሪትና በጭቃ መካከል ይቆማል፤ በተለይ በፑሚስ ወይም በስኮሪያ የተሠራ ባዶ ብሎኬት ከድንጋይ ጠጠር ከተሠራው በክብደትም ይቀላል፣ ሙቀትንም ያነሰ ያስተላልፋል። ብሎኬት የሚገዛ ሰው አንዱን አንሥቶ ክብደቱን ማወዳደሩ ጠቃሚ ነው። ቀላልነቱ ግን ከጥንካሬው ጋር መመዘን አለበት፤ ክብደት ለሚሸከም ግድግዳ የሚሆነውን ብሎኬት የሚወስነው የግንባታ ባለሙያ ነው።

እርጥበት የሚያበላሸው

ጋቢ የሚያሞቀው ጥጡ ሙቀት ስለሚያመነጭ ሳይሆን፣ በድርብርቡ መካከል አየር ስለሚያስር ነው። የመንዝ ባናም፣ ከሱፍ ስለሚሠራ፣ በዚሁ መንገድ ያገለግላል። ፔርሙዝ ግን አየሩንም ጭምር ያስወግዳል፤ በ1892 ጄምስ ዲዋር የሠራው ይህ ዕቃ በሁለት ግድግዳዎች መካከል ባዶ ቦታ በመተው ሙቀት የሚያስተላልፍ ነገር እንዳይኖር ያደርጋል፣ የሚያብረቀርቀው ውስጡም ጨረሩን ወደ ኋላ ይመልሳል። ክዳኑ የላላ ፔርሙዝ ሻይ የሚያቀዘቅዘው ሙቀቱ በዚያ በኩል ስለሚያመልጥ ነው።

ውኃ ሙቀትን ከአየር በ24 እጥፍ ያህል ይበልጥ ያስተላልፋል። የራሰ ጋቢ፣ የራሰ ሣር፣ ዝናብ የጠጣ የጭቃ ግድግዳ ወይም ውኃ የገባበት ኮርኒስ አየር የነበረበትን ቦታ ለውኃ ስለሚለቅ፣ ከላይ የተጠቀሱት ቁጥሮች አይሠሩለትም። በክረምት የጭቃ ቤት የሚቀዘቅዘው በአየሩ ምክንያት ብቻ አይደለም፤ ከመሬት ወደ ላይ የሚሳበው እርጥበት የግድግዳውን ሥር ስለሚያርሰውም ነው። የድንጋይ መሠረቱን ከመሬት ከፍ ማድረግ፣ የጣሪያውን ክፈፍ ወደ ውጭ ማርዘምና በግድግዳው ዙሪያ የውኃ መውረጃ ቦይ መቆፈር ከሙቀት ጋር የማይገናኙ ቢመስሉም፣ ቤቱን ለማሞቅ ከሚወጣው ከሰል የሚቀንሱ ሥራዎች ናቸው። ኮርኒስ ለማሠራት ገንዘብ ያጠራቀመ ቤተሰብም፣ ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ፣ መጀመሪያ ሚስማር የተላቀቀበትንና የተበሳውን ቆርቆሮ አስጠግኖ፣ እንጨቱ እስኪደርቅ ጠብቆ ኮርኒሱን ከዚያ በኋላ ማሠራት ይኖርበታል።